የጠማቂው በርሜልና የእማማ ኪያ ቃጫ

እማማ ኪያ የልጃቸውን ባል በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ሌንግ የሚባል ደህና ስም አለው፤ እሳቸው ግን «ጠማቂው» ነው የሚሉት። ጠማቂው በላ ወይ፣ ጠማቂው ዛሬ ደግሞ ምን አገማብን ይላሉ፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ሩዙን እየበላ። የሚጠምቀው ሰው የሚጠጣውን ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ሌንግ የሚጠምቀው ለተክል ነው። ቀንበጥ በቡናማ ስኳር፣ የሙዝ ግንድ በቡናማ ስኳር፣ የዓሣ አንጀት በቡናማ ስኳር፤ ሁሉንም በየበርሜሉ አድርጎ በወረቀት ይሸፍናል፣ እስኪብላላ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጭማቂውን በውሃ አቅጥኖ ጋንጃውን ያጠጣል። የልጅ ልጆቼ ስኳር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፣ ተክሉ ግን ጠግቧል ይላሉ እማማ ኪያ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።

ጋንጃ መትከል ከተፈቀደ ወዲህ የተራራው ሰው ግማሹ አብዷል። ትናንት ፖሊስ ሲያይ ጫካ ይገባ የነበረው ሁሉ ዛሬ የላስቲክ ቤት አቁሞ ባለሙያ ሆኗል። ሌንግ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። ከተማ ያለው ገዢ ኬሚካል ያልነካው አበባ ነው የሚፈልገው ብሎ፣ ከሱቅ ማዳበሪያ ላይገዛ ማለ። ስልኩ ላይ አንድ ሰውዬ ሲያስተምር አይቶ ነገሩን እንደ ጸሎት ሸመደደው። ቀንበጥ ፀሐይ ሳይነካው ይቀነጠሳል፤ ውሃ አያገኘውም፤ ወዲያው፣ ሰከንድ ሳይባክን፣ ከስኳሩ ጋር ይታሻል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ተክልን በገዛ ዘመዱ ጭማቂ መመገብ ነው ይላል። እማማ ኪያ ይህን የሰሙ ዕለት፣ ከዘመዱ የሚበላ ሰው የተከለው ከዘመዱ ቢበላ ምን ይገርማል አሉ። የላስቲክ ቤቱ የቆመው በእሳቸው መሬት ላይ ነዋ።

ከላስቲክ ቤቱ ዝቅ ብሎ የእማማ ኪያ ቃጫ አለ፤ እሾሃማው የገመድ ቃጫ ሳይሆን ሌላው፣ ሄምፕ የሚሉት። ቃጫውና ጋንጃው የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ቀጥ ብሎ ረዝሞ ለልጡ የሚተከል፣ ሌላኛው አጥሮ ቅርንጫፍ አብዝቶ ለአበባው የሚተከል። የቃጫው ልጥ ይላጣል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ በሰማያዊ ተነክሮ ቀሚስ ይሆናል። የዚህ ተራራ ሕዝብ ሞንግ ይባላል፤ ሞንግ ሞቶ ቃጫ ካልለበሰ እዚያ ማዶ ያሉት ወላጆቹ አያውቁትም፤ የማን እንግዳ ነው ብለው በር ይዘጉበታል። ይህን የማያውቅ በመንደሩ አንድ ሰው የለም። ግን ማን ይትከል? ሁሉም ከገበያ የፋብሪካ ጨርቅ ገዝቶ ይለብስና፣ ሞት ሲመጣ ወደ እማማ ኪያ ደጅ ይሮጣል።

እሳቸው የራሳቸውን ቀሚስ ድሮ ጨርሰው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ታናሽ እህታቸው ሳይታሰብ ሞተች፤ ሣጥኗ ቢከፈት የናይለን ቀሚስ ብቻ ተገኘ። እማማ ኪያ የራሳቸውን አውጥተው አለበሷት። ይቺ ሰነፍ፣ ይቺ ሰነፍ እያሉ ነው ያለቀሱላት። እንዲህ ሆኖ አሁን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጉልበት ከድቷቸዋል፤ የዘንድሮው ቃጫ ተቆርጦ ተልጦ ለሸሚዝ ብቻ በቃ፣ ለቀሚሱ የሚመጣው ዓመት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ዘር ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደ እናታቸው ልማድ አንድ ጥግ ሳይቆርጡ፣ ወንዴና ሴቴው አብሮ አብቦ ፍሬ እንዲይዝ ተዉት። ዘሩ ከእናታቸው የመጣ ነው፤ ሁለት ክረምት ካለፈው ደግሞ አይበቅልም። ቀሚሱን የምትሰፋው ልጃቸው፣ የሌንግ ሚስት ሹዋ ናት፤ የእናትን የመቃብር ቀሚስ ሴት ልጅ እንጂ ሌላ አይሰፋውም።

ጠቡ የተጀመረው በዚያች ጥግ ነው። ሴቴ ጋንጃ የወንዴ ብናኝ ካገኛት ፍሬ ትይዛለች፤ ፍሬ የያዘ አበባ ደግሞ ገዢው ዘወር ብሎ አያየውም። ሌንግ መጀመሪያ ሚስቱን ላከ፣ ቀጥሎ ራሱ መጥቶ እባክዎ ጥጓን ይቁረጡልኝ ብሎ ለመነ። እማማ ኪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የኔ ቃጫ እዚህ የነበረው አንተ ሳትወለድ ነው፣ ነፋስ ከፈራህ ላስቲክህን ጠግን ብለው ሸኙት። ሌንግም ጠገነ። በላስቲኩ ላይ መረብ፣ በመረቡ ላይ ሌላ መረብ ደረበ፤ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለ፤ ሲገባ ጫማውን አውልቆ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ፀጉሩን ጠቅልሎ ሆነ። ንጉሥ የሚተኛበት ክፍል እንኳ እንዲህ አይገባም። ሹዋ ግን ይህን ሁሉ ሳታጉረመርም ትታገሠው ነበር። አዝመራው ከተሸጠ ከተማ ወርዳ ልብስ ፋብሪካ መቀጠሯ ይቀራል፣ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ይህን ለእናቷ ስንት ጊዜ ነግራቸዋለች።

አንድ ማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሳይቀላ፣ እማማ ኪያ ወደ ጓሮ ወጥተው ሳለ ከዘር ቃጫው ውስጥ ኮሽታ ሰሙ። አሳማ መስሏቸው ዱላ አነሱ። አሳማስ በተሻለ፤ ሌንግ ነው። ቅርጫት ታቅፎ ቀንበጥ ይቀነጥሳል። ለጋንጃ ከቃጫ የቀረበ ዘመድ ከየት ይመጣል? የራሱን እንዳይቀነጥስ ሳስቶለት የእሳቸውን፣ ወንዴ ሴቴ ሳይለይ፣ ጫፍ ጫፉን እየቆረጠ ወደ ቅርጫቱ ይጥላል። ወንዴው አብቦ ነበር። በነካው ቁጥር ቢጫ ዱቄት እየቦነነ ፀጉሩ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ሰፍሮበታል።

እማማ ኪያ ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ መሐል ሌንግ ቀና ብሎ ወደ ምሥራቅ አየ፤ ጀንበር ልትወጣ ነው። ስኳሩና ባዶው በርሜል ያሉት ደግሞ ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ነው። ሰውዬው በረረ። ጫማ ማውለቅ የለ፣ ሸሚዝ መቀየር የለ፤ ፀሐይ ቀንበጡን እንዳትቀድመው እያለ ያን ሁሉ ዱቄት ተሸክሞ መጋረጃውን በግንባሩ ገፍቶ ገባ። ስንት መረብ የደረበበትን ነገር በራሱ ጭንቅላት አስገባው።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ብናኙ ውሃ ከነካው ይሞታል። አንተ ሞኝ፣ ውጣና ታጠብ፣ ተክሎቹንም ውሃ እርጭባቸው ቢሉት አዝመራው ይተርፍ ነበር፤ ይህን እማማ ኪያ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ሳቁ፣ ዱላቸውን አስቀምጠው እሳታቸውን አነደዱ፣ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ፈክቶ ዋለ። ሹዋ ዛሬ ምን አገኘሽ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ምንም፣ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ ነው አሏት።

ገዢው አዝመራውን ሊያይ የወጣ ቀን አንዱን አበባ አሸተተ፣ ደስ አለው፤ ከዚያ በጥፍሩ ፈልቀቅ ቢያደርገው ውስጡ ገና ወተት የሆነ ፍሬ። ሌላውን ፈለቀቀ፣ እሱም ፍሬ። ብዙ አልተናገረም፤ እጁን ጠርጎ መኪናውን አስነሥቶ ወረደ። ሌንግ በቀጥታ እማማ ኪያ ደጅ መጥቶ ቃጫዎ ገደለኝ፣ ልጆቼን አስራቡብኝ ብሎ ጮኸ። መንደሩ ተሰበሰበ። እማማ ኪያ ንዴታቸው ሁልጊዜ ከሐሳባቸው ይቀድማል። ሽንጣቸውን ገትረው ማጭዳቸውን አነሱና፣ ጥፋተኛው ይኼ ከሆነ ይኸው ብለው ፍሬው ያልጠናውን የዘር ቃጫ በሰው ሁሉ ፊት ከሥሩ አጨዱት። ልባቸው አቁሚ፣ አቁሚ እያላቸው እጃቸው እምቢ አለ። የመጨረሻው ግንድ ሲወድቅ ማጭዳቸውን ጥለው ቤት ገቡ።

ነገሩ ወደ ጎሳው ሽማግሌ ወደ ዛንግ ሄደ። ዛንግ ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። ላስቲክ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ዞረው። በነፋሱ በኩል ያሉት ጥቂት ተክሎች ንጹሕ ናቸው፤ ፍሬ የተሸከሙት ከበሩ እስከ በርሜሉ ባለው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ያሉት ናቸው። ይህ ምን ዓይነት ነፋስ ነው ብሎ ጭንቅላቱን አከከ። እማማ ኪያ ይህችን ሰዓት ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

«ነፋስማ በበር አይገባም» አሉ። «ይልቅ ጠማቂውን ጠይቁልኝ። ከኔ ጥግ ቀንበጥ ሰርቆ፣ እስከ ቅንድቡ ብናኝ ለብሶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ማን ነው እየሮጠ የገባው? በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሌንግ ኩም አለ፤ ያን ማለዳ ያኔ ነው ያስታወሰው። እማማ ኪያ ሳቁን አጣጣሙት፣ እንዲያውም ሲበርድባቸው የአሯሯጡን ሁኔታ በእጃቸው እያሳዩ ደገሙት። ሹዋ ብቻ አልሳቀችም።

«ሲገባ አይተሽዋል?» አለች።

«አየሁት እንጂ።»

«ብናኙን ተሸክሞ?»

እማማ ኪያ አሁን ገባቸው። ዛንግም ገባው፤ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

«ያን ቀን ደህና ተኝቼ ነው አልሽኝ» አለች ሹዋ። ወደ ቤት ገብታ ስትጠልፈው የነበረውን የእናቷን የቃጫ ሸሚዝ ይዛ ወጣች፤ መርፌው እንደተሰካበት ጭናቸው ላይ አኖረችው። «ሌላ የምትሰፋ ልጅ ካለሽ ስጫት» አለቻቸው። ብዙም ሳትቆይ ልጆቿን ለሌንግ ትታ ከተማ ወረደች።

እማማ ኪያ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሂጂ፣ ማን ለመነሽ አሉ መጀመሪያ፣ ለባዶ ቤት። ከዚያ ወደ ሣጥናቸው ሄደው ከፈቱት፤ መርፌ የተሰካበት ሸሚዝ አለ፣ ቀሚስ የለም፣ ቀሚስ የሚሆን ልጥም የለም፣ ልጥ የሚሆን ዘርም የለም። እናታቸው በር ላይ ቆማ ይቺን አላውቃትም ስትል በዓይነ ልቦናቸው ታያቸው። በእህታቸው ላይ ሰነፍ እያሉ የተናገሩት ሁሉ ወደ ራሳቸው ዞረ። ፈሩ፤ ከልባቸው ፈሩ።

ሌንግ ግን በርሜሉን አልተወም። እሱን የሚያስተወው ምን ነገር አለ? ሳይቆረጥ ቆሞ የደረቀውን የተበላሸ ጋንጃ ለሚመጣው ዓመት ማዳበሪያ ሊጠምቀው በቅርጫት ማመላለስ ያዘ። በዚህ ጊዜ ነው እማማ ኪያ በሕይወታቸው ገብተውበት የማያውቁት መጋረጃ ሥር የቆሙት። አፍንጫቸውን ይዘዋል።

«ስኳሩን ሳትጨምር» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ «ፍሬውን ስጠኝ። የኔ ቃጫ ነው ያስረገዛት።»

ሌንግ ቀና አላለም። «ማንን ነው የሚያናግሩት እማማ?»

«አንተን ነዋ። ጠማቂውን።»

«እዚህ እንደዚያ የሚባል ሰው የለም» አለና አንድ እፍኝ ከነፍሬው ወደ በርሜሉ ጣለ።

እማማ ኪያ ጥርሳቸውን ነከሱ። ሁለተኛ እፍኝ ሲያነሣ፣ «ሌንግ» አሉ፣ «ሌንግ፣ እባክህ» አሉ። እሱም ቅርጫቱን በእግሩ ገፋ አደረገላቸው፤ አላገዛቸውም። ቁጭ ብለው አበባውን በመዳፋቸው እያሹ ፍሬ ለቀሙ። ሙጫው እጃቸው ላይ ጥቁር ሆኖ ተጣብቆ በሳሙናም በአመድም አልለቅ አለ። ለቀናት ሩዝ ሲጎርሱ ጣታቸው አብሮ ይጎተት ነበር።

ዝናብ ሲመጣ ዘሩት። የወጣው ዲቃላ ነው፤ ቁመቱ ከአባቱ፣ ቅርንጫፉ ከእናቱ። ቅርንጫፍ በወጣበት ሁሉ ልጡ ይበጠሳል፣ ፈትሉ በቋጠሮ ይቀጠላል። እማማ ኪያ እንዲህ ያለ ጉድ በደጄ ይብቀል እያሉ፣ ጎኑ ላይ የሚያቆጠቁጠውን ጀንበር ሳትወጣ እየዞሩ መቀንጠስ ሆነ ሥራቸው። የቀነጠሱትንም የላስቲክ ቤቱ በር ላይ ያኖሩለታል፤ ሌንግ ይጠምቀውና ጭማቂውን መልሶ ለዚያው ቃጫ ያጠጣዋል። ይገማል ይላሉ አሁንም፣ ግን በስሙ እየጠሩት።

ሹዋ ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ጨርቁ ተሸምኖ ጨርሶ ነበር። ልጆቿን አቅፋ ከቆየች በኋላ እናቷ ሳይጠሯት ወደ ሽመና ዕቃው ሄደች። መዳፏን በጨርቁ ላይ አሳለፈች፤ በየስንዝሩ ቋጠሮ ይጎረብጣል።

«ይኼን የመሰለ ጎርባጣ ለብሼ እናቴ ፊት ልቆም ነው» አሉ እማማ ኪያ። «እኔ ያስተማርኳት እንዲህ ነው ወይ ትለኛለች።»

ሹዋ ሸሚዙ ላይ ተሰክቶ የነበረውን መርፌ ነቀለች፣ ክሩን በምራቋ አርሳ ሰካች።

«ቋጠሮው ምንድነው ብላ ከጠየቀችሽ ንገሪያታ» አለች፤ አጠፈችውና መስፋት ጀመረች።