ደህና ነው ያልኩት ጋዝ

እኔ ተፈራ፣ ቁጡ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የተቆጣሁት በገዛ ምላሴ ነው።

ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ላይ ካለችው ቢሯችን ሆነን አንዲት ትንሽ ሳተላይት እንከታተላለን። በላይዋ የተጫነው መሣሪያ የባልደረባችን የሩሀማ ነው፤ ልጅቷ ስድስት ዓመት ለፍታበታለች። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለካል። ፀሐይ ስትቆጣ ጋዙ ይበዛል። በዛ ማለት ላይኛው አየር ሞቆ አብጧል፤ ዝቅ ብላ የምትበር ሳተላይት ደግሞ ያበጠ አየር ወደ ታች ይጎትታታል። ያኔ ስስ ጎኗን ወደ ፊት አድርገው ካላዞሯት መውደቋ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የጋዙን ቁጥር ሳየው፣ በአንድ ሌሊት አምስት እጥፍ ሆኗል። የማዞሪያውን ትእዛዝ መስጠት የሚችለው ኃላፊያችን ዶክተር ካሳሁን ብቻ ነው፤ እሱም ናይሮቢ ሊሄድ ቦሌ ነበር። ልደውልለት ስልኬን ሳነሳ ቀደመኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ እንዴት ነው? ሁሉ ደህና?»

«ሁሉ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ታዲያ ምን ልበል? ሰው ሰላም ሲልህ አልጋ ላይ ብትሆንም ደህና ነው የሚባለው፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እሱ ለካ ፀሐይዋ መቆጣቷን ሰምቶ ስለ ጋዙ ነበር የጠየቀኝ። ተመስገን ብሎ ዘጋው። ብደውል ብደውል ስልኩ ጠፍቷል። አውሮፕላን ውስጥ ገብቷል።

ረፋድ ላይ ሳተላይቷ በሀዋሳ አናት ስታልፍ ትእዛዝ የምንልክበት አራት ደቂቃ ነበረን፤ እጄን አጣምሬ አሳለፍኳት። ከሰዓት ስትመለስ ድምጿ ይቆራረጣል፣ መገለባበጥ ጀምራለች። ካሳሁን ናይሮቢ ሲደርስ ደውሎ፣ ደህና ነው ብለውኝ አልነበረም ወይ አለኝ። ለሩሀማ ግን የፀሐይዋ ማዕበል ድንገተኛ ነው፣ ማንም ቀድሞ አላየውም ብሎ ነገራት። ሊሸፍነኝ ነው።

ረቡዕ ሩሀማ አጠገቤ ተቀምጣ ጠበቀች። የምታልፍበት ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ ከሳተላይቷ ምንም አልመጣም። ሐሙስም ያው። አርብ ዕለት ሳተላይቷ ከመጥፋቷ በፊት የላከቻቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች፤ የማክሰኞ ጠዋቱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይኼን መቼ ነው ያዩት?»

ካሳሁን ያለውን ብደግምላት ታምነኝ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ካሳሁን ከቦሌ ከመደወሉ በፊት» አልኳት።