ያልተጠየቀው ሦስተኛ ጊዜ

ኦሪን ቱርስታድ አገረ ገዥ ከሆነ ወዲህ በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ አንድ ነገር ሊለምን የመጣ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። የድሮ ጎረቤት ለልጁ ሥራ ይጠይቃል፣ የአጎቱ ልጅ መንገዱ በእርሻው ዳር እንዲያልፍለት ይፈልጋል፣ ፓስተሩ ሳይቀር የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ጥገና ያነሳበታል።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ አርቪድ ቅቤና ስኳር ተደርጎበት የተጠቀለለ የድንች ቂጣ ይዞ ብቅ ሲል ኦሪን ወዲያው ጠረጠረ። ሁለቱ አንድ የመስኮት ፋብሪካ ከጋራዥ የጀመሩ ሸሪኮች ነበሩ። ኦሪን ሲመረጥ ድርሻውን ለአርቪድ ሸጦ ወጥቷል። አሁን ደግሞ ግዛቱ ለሚያሠራው ሆስፒታል የመስኮት ጨረታ ሊወጣ ነው። «ይኸው መጣ» አለ በሆዱ።

አርቪድ ግን ስለ ጨረታው ትንፍሽ አላለም። ስለ በረዶው አወራ፣ ስለ ዓሣው አወራ፣ ተመልሶ ስለ በረዶው አወራ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክራል። ኦሪን ሰውዬው ሆዱ ውስጥ የያዘው ነገር እንዳለ ገባው።

«ለመሆኑ የምትፈልገው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ተወው ባክህ፤ አንተ ስንት ሥራ ያለብህ ሰው።»

በዚያ ሜዳማ አገር፣ ከኖርዌይ ፈልሰው በመጡት ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች ዘንድ፣ ሰው ቡና እንኳ ሲቀርብለት ሁለቴ እምቢ ሳይል አይቀበልም። የልቡን የሚናገረው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ነው። ኦሪን የከበረውም በዚሁ ነው፤ ሌሎች መስኮት ሻጮች ሁለት እምቢታ ሰምተው መኪናቸውን ሲያስነሱ እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ይጨምር ነበር። ዛሬ ግን አውቆ አፉን ዘጋ። ከጠየቀው ጨረታው ይነሳል፣ ጨረታው ከተነሳ ጋዜጠኞች ይሸታቸዋል። አርቪድ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ኦሪን ጭራሽ በራሱ ኮራ። ጅል!

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ ሚስቱ ጁን ስልኩን ዘግታ አፈጠጠችበት። የደወለችው የአርቪድ እህት ነበረች። የአርቪድ ሚስት ሶልቬግ ማስታወስ ከተሳናት ቆይታለች፤ ባሏን «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ትለዋለች። ኦሪንን ግን ባየች ቁጥር ትስቃለች፣ እጇን ከያዛት የትም ትከተለዋለች። ዛሬ ወደ አረጋውያን መጦሪያ የምትገባበት ቀን ነው።

«እሑድ የመጣው መኪናው ውስጥ አብረሃት እንድትቀመጥ ሊለምንህ ነበር እኮ» አለችው ጁን።

ኦሪን የጠዋት ስብሰባውን ጥሎ ወደ አርቪድ ቤት ሄደ። ሲደርስ ሶልቬግ የለችም። አርቪድ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጉንጩ ተቧጭሯል።

«ሌባ ነው አለችኝ» አለ አርቪድ። «ፖሊስ ጥሩልኝ እያለች ስትጮህ የመጦሪያው ሠራተኞች ተሸክመው አስገቧት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

ኦሪን በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«አሁን ምን ላድርግልህ?»

«ምንም።»

«የምችለው ነገር ይኖራል፣ አርቪድ።»

«የለም።»

ኦሪን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀው። አርቪድ ከኦሪን ኋላ የቆመውን ጥቁር የመንግሥት መኪናና ጠባቂውን አየ። ፊቱ ላይ ቂም የለም።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ አልፈልግም» አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።