ባሕሩ የት አደረሰው?

መቅደላዊት መካነ ሰላም ባለው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ጥናቷ ግን ባሕር ላይ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ሲሞቅ የውሃው ፍሰት እንዴት እንደሚዛባ፣ መዛባቱም የወሎን በልግ እንዴት እንደሚያስቀር በቀመር ትፈትሻለች። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ጥር ላይ፣ አቀስታ አጠገብ የሚያርሰው ታናሽ ወንድሟ አምባቸው ደወለላት።

«እታለም፣ ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነው? ልዝራ ወይስ ልተወው?»

ቀመሩ ደህና ዝናብ ያሳያል። ሊሳሳትም እንደሚችል ልታስረዳው አሰበችና ነገሩ ረዘመባት። «ዝራ» አለችው።

ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ አንድ ሳያስቀር በተነው። ሰማዩ ግን ጨከነ፤ ግንቦት ሲገባ ቡቃያው ማሳው ላይ ከስሎ ቀረ። አምባቸው ለእህቱ ሳይነግራት ወደ ጅቡቲ ወረደ። ሰኔ ላይ ወደ የመን የሚያሻግራቸው ጀልባ ተገለበጠ። አብሮት የነበረ ጎረምሳ ተርፎ ለቤተሰቡ ደወለ፤ «እጁን ይዤው ነበር፤ አመለጠኝ» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

መቅደላዊት ለቅሶው ላይ ስትደርስ እናቷ ፈንታዬ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ የባሕርን ነገር አይደል የምትማሪው? ልጄን የት አደረሰው? አስከሬን የሌለው ለቅሶ ምን ለቅሶ ነው!»

መቅደላዊት መካነ ሰላም ተመልሳ ጀልባው የሰጠመበትን ቦታ፣ የዚያን ዕለት ነፋስና የውሃውን ፍሰት ኮምፒውተሯ ላይ አስገባች። ወንድሟን አንድ ነጥብ አድርጋ ውሃው ላይ አኖረችው። ሺህ ጊዜ ለቀቀችው፤ ሺህ ቦታ ወሰደባት። ገሚሱ የየመን ዳርቻ፣ ገሚሱ ወደማይመለሱበት ጥልቅ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ለአርባው ተመለሰች።

«እማዬ፣ አላገኘሁትም። ደግሞ... ዝራ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ፈንታዬ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አውቃለሁ። ‹ለእታለም እንዳትነግሪያት፣ በኔ የተነሳ ነው ብላ ትቃጠላለች› ብሎ አስምሎኝ ነው የሄደ።»

መቅደላዊት እናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው አሕመድኑር፣ «ባሕሩ ዳር ካወጣው፣ ማዶ ያሉት አፈር ሳያለብሱ አይተዉትም፤ አላህ ያውቃል» አሉ።

«ማዶው በየት በኩል ነው?» አለች ፈንታዬ።

መቅደላዊት ቀና ብላ በፀሐይ መውጫ በኩል አመለከተቻት። እናቷም ወደዚያ ዞረችና፣ «አምባቸው! አምባቸው!» እያለች ትጣራ ጀመር።