አሥር ዓመት ያለፈው ፋይል

ዘኪያ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ለክትትል ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር ሲስተሯ ያንኑ ትጠይቃታለች፦ «በቤተሰብ ስኳር አለ? ግፊት? መንታ?» ዘኪያም «አላውቅም» ትላለች። በሦስተኛው ክትትል ሲስተሯ ከወረቀቷ ቀና ብላ፣ «እናትሽን አትጠይቂያትም እንዴ?» አለቻት።

ዘኪያ እናቷን አታውቅም። ያደገችው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ ባለ የሴት ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። በአራት ዓመቷ ገብታ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ወጣች፤ አሁን ሠላሳ ሦስት ሞልቷታል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ባሏ ፈሀድም እዚያው ሱቅ አለው። በዚያ ሁሉ ዓመት ወደ ማሳደጊያው ተመልሳ አታውቅም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ሆዷን ደግፋ ዳገቱን ወጣች።

ወይዘሮ መሳይን አገኘቻቸው። በልጅነቷ ጸጉሯን ይሠሩላት የነበሩ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናቸው፤ አሁን ጡረታቸው ደርሶ መዝገብ ቤቱን ይዘዋል። አቅፈው ሳሟት፤ ሆዷን አይተው «እሰይ፣ እሰይ» አሉ። ፋይሏን እንደምትፈልግ ስትነግራቸው እጃቸውን ከትከሻዋ አነሱ።

«የለም፣ ልጄ።»

«ጠፋ?»

«አልጠፋም። አቃጠልነው።»

ደንቡ እንደዚያ ነበር። አንዲት ልጅ ማሳደጊያውን ከለቀቀች አሥር ዓመት ሲሞላት፣ ሦስት ሰዎች ይፈርሙና ፋይሏ ጓሮ ይቃጠላል። በክፋት የወጣ ደንብ አልነበረም። ከዚያው ወጥታ ያገባች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ተደፍራ እንደወለደቻት ፋይሏ ላይ ያነበበ ሠራተኛ አወራባት። ወሬው አማቶቿ ጆሮ ደርሶ ትዳሯ ፈረሰ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር ተባለና ደንቡ ወጣ።

«ከፈራሚዎቹ አንዷ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ መሳይ። «ስምሽን አይቻለሁ። አድጋለች፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል ብዬ ፈረምኩ።»

ዘኪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ መሳይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትንሽ ልጅ ሆኜ ወንድም አለኝ ስል፣ ሕልም አይተሽ ነው ይሉኝ ነበር። እውነት ሕልም ነበር?»

ወይዘሮ መሳይ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ።

«አልነበረም።»

ኑሕ ይባላል፤ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። አብረው ነበር የመጡት። ቤቱ የሚቀበለው ሴቶችን ብቻ ስለነበር እሱ በሳምንቱ ወደ ወንዶች ማሳደጊያ ተወሰደ። ትንሿ ዘኪያ እህል አልቀምስም ስትል፣ ቶሎ ትርሳው ብለው ሕልም ነው አሏት። የተወሰደበት ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ነበር።

«ሌላም አለ» አሉ። ፋይሉ በተቃጠለ በስምንተኛው ወር አንድ ሰው እህቴን ዘኪያን እፈልጋለሁ ብሎ መጥቶ ነበር። እሳቸው የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ያነጋገረችው ጸሐፊዋ ሊሚ ናት።

ሊሚ ተጠራች። «መዝገብ የለም አልኩት» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «ስልክ ቁጥሬን ያዙልኝ ብሎኝ ነበር። እ... ፋይሉ ለተዘጋ ሰው አዲስ መረጃ አትቀበሉ ተብለናል። ማለቴ፣ ያኔ።»

«ምን ይመስላል?»

«ረጅም ነው። አስተውዬ አላየሁትም። አመሰግናለሁ ብሎ ሄደ።»

«አመሰግናለሁ አለሽ?» አለች ዘኪያ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ያዘች፤ ማንም ሊያባብላት አልደፈረም።

ፈሀድ ሱቁን እየዘጋ አብሯት ፈለገ። የወንዶቹ ማሳደጊያ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። በየመስጊዱ ደጃፍ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ፌስቡክ ላይም አወጡ። ሁለት ኑሖች ደወሉ። አንዱ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ሌላው ማንም የሌለው፣ እህት ባገኝ ብሎ የደወለ ሽማግሌ ነበር።

ዘኪያ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟን ሀያም አሏት። አራስነቷን እንደጨረሰች ወይዘሮ መሳይ አስጠሯት። የማሳደጊያው ደንብ ተለውጧል፤ ከእንግዲህ ፋይል ሰባ አምስት ዓመት ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም አይከፈትም። የተቃጠለው ግን ተቃጥሏል። ስለዚህ ወይዘሮ መሳይ የሚያስታውሱትን በደብተር መጻፍ ጀምረዋል፤ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ። የዘኪያ ግማሽ ገጽም አልሞላም።

አነበቡላት። «ቀይ ሹራብ ለብሳ መጣች። እናቷ ከወሎ ለሥራ የመጣች ናት። ሳል ነበረባት፤ ሆስፒታል ሞተች።» እዚህ ላይ ቆሙና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ልጄ። ሳል የነበረባት ያንቺ እናት ትሁን የዚያች አብራሽ ያደገች ልጅ የአፍናን እናት፣ እርግጠኛ አይደለሁም። በአንድ ወር ነው የመጣችሁት። ልሰርዘው?»

ዘኪያ ሀያምን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አይሰርዙት» አለች። «ግን እርግጠኛ አለመሆንዎንም አብረው ይጻፉበት።»

ወይዘሮ መሳይ መነጽራቸውን አድርገው ጻፉ። ከዚያ ጥቂት ገጾች ገለጡና የአፍናን ገጽ ላይም ያንኑ ጻፉ።