የእማማ ቢላዋ ጭንቅላት

«ኦርቪል ጭንቅላቱን በጄሶ የቀረጸው ሰው ይሞታል» ትላለች ዶሪን፣ የድራማው የአልባሳት ኃላፊ። ልብስ ስትለካ ትላለች፣ ምሳ ስትበላ ትላለች፣ ሰሚ ስታጣ ለልብስ መስቀያው ትላለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ እኮ። የላስቲክ ጭንቅላት የተሠራለት ሁሉ አንገቱን ተቆርጦ ነው ከዚህ ድራማ የተሰናበተው።»

ድራማው አሜሪካ ውስጥ በሞሃቪ በረሃ የሚቀረጽ፣ ሰው በመጋዝ የሚገመስበትና ደም ጣሪያ የሚመታበት ነው። ሎርና ቫሴክ እንግዶቿን የምታርደውን የሞቴል ባለቤት፣ እማማ ቢላዋን ትጫወታለች። ከዚያ በፊት ለሥራ የሚፈልጋት ጠፍቶ ስልኳ ለዓመታት ጮኾ አያውቅም።

ማክሰኞ ዕለት የላስቲክ ጭንቅላት ሠሪው ኦርቪል አስጠራት። ከአፍንጫዋ ቀዳዳ በቀር ፊቷን በሙሉ በጄሶ ደፈነው።

«እንዳትናገሪ፣ ይሰነጠቃል» አላት።

ብትችልም አትጠይቀውም ነበር። ሎርና ሞቷን ከሰው አፍ ለምና የምትሰማ ሴት አይደለችም።

ጄሶው እንደተነሳላት ግን አንገቷን እንኳ ሳትጠርግ ድራማውን ወደሚጽፈውና ወደሚያሠራው ወደ ኬስለር ቢሮ ገባች።

«የምትገድሉኝ ከሆነ በዚህ ክፍል ግደሉኝ» አለችው። «ባለመጋዞቹ የሚያሳድዷትን ልጅ ሳድን፣ ቆሜ፣ በገዛ ፊቴ። በሚመጣው ዓመት እንደ ዶሮ አንገቴን ቀንጥሳችሁ እንድትጥሉኝ አልፈልግም።»

ኬስለር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ዓይን አለኝ።»

«ሎርና፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ስንቴ ልበልህ?»

እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። ከዚያ «እሺ፣ እጽፈዋለሁ» አለ።

ዓርብ ተቀረጸ። የቀራት ቀሚስ አንድ ብቻ ስለነበር መድገም የለም። የሐሰት ደም የሚረጩት ሠራተኞች ፓምፓቸውን ይዘው ከወለሉ ሥር ተጋደሙ። ልጅቷ ከሞቴሉ ወጥ ቤት ምሰሶ ጋር ታስራ ነበር፤ ባለመጋዞቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ሎርና መሀል ገባች። ደም መሳዩ ቀይ ሽሮፕ ግድግዳውን አለበሰው፣ የላስቲክ አንጀቷ የጣሪያው ማራገቢያ ላይ ተጠመጠመ። በሌላ ቀን ቢሆን ሠራተኛው በሳቅ ይፈርስ ነበር፤ የዚያን ቀን ማንም ጥርሱን አላሳየም። ሎርና በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ ገመዱን ፈታች፣ የልጅቷን ጉንጭ ዳሰሰች፣ ያልተጻፈላትንም ቃል ተናገረች፦ «ሂጂ በይ፣ እራትሽ ይቀዘቅዛል።» ከዚያ ወደቀች።

እንደ ወጉ ረዳት ዳይሬክተሩ ስሟን ጠርቶ መሰናበቷን አስታወቀ፤ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ።

«አላልኩም?» አለች ዶሪን እያለቀሰች።

ኦርቪል ውጭ በጎማ ውሃ ፀጉሯን ያጥብላት ጀመር። ሽሮፑ ቶሎ አይለቅም።

«ያቺን ጭንቅላት እንግዲህ ምን እንደማደርጋት እንጃ» አለ።

«ለኔ አይደለች የሠራሃት? በዚህ ክፍል ሳትፈልጓት ቀረች እንጂ።»

«ፊቱ ያንቺ ነው እንጂ አንቺስ አልነበርሽም። በሚመጣው ዓመት ለእማማ ቢላዋ መንታ እህት ልትመጣላት ነበር። ኬስለር ሁለቱንም አንቺ እንድትጫወቻቸው ጽፎ ጨርሶ ነበር።» ውሃውን ወደ ጆሮዋ ጀርባ መለሰው። «የዚያችን እህት አንገት የምትቆርጪው አንቺ ነበርሽ።»