መሪው ላይ የነበረው ልጅ

ኢዘዲን ማሽኑን ማንም እንዲነካበት አይወድም። ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ባለችው የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ከፅዳት ሠራተኛዋ እስከ ላቦራቶሪዋ ባለቤት እስከ ዲሪር ድረስ ሁሉም ይህን ስለሚያውቁ፣ በዚያ ክፍል በር ሲያልፉ የታመመ ሰው የተኛበት ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እርግጥ ማሽኑ ቅምጥል ነው። ዲኤንኤ የሚያነበው እንደ ፀጉር በቀጠኑ የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ እየሳበ ነው። ካፒላሪ ይሏቸዋል። ጫፋቸው ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ መዋል አለበት፤ ከደረቀ ውስጣቸው ያለው ዝልግልግ ፖሊመር ይጋግርና መንገዱን ይዘጋል። ኢዘዲን ይህን ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል። መናገር መቼ ያቅታል!

ለኢድ ላቦራቶሪው ሲዘጋ ድንበሩ ላይ ወጃሌ ያሉ ዘመዶቹ ዘንድ ለመድረስ ቸኩሎ ነበር። ያዘጋጀው መኪና ውጭ ቆሞ ጡሩምባውን ያንጫርራል። ከመውጣቱ በፊት ከካፒላሪዎቹ ሥር ያለውን ውሃ ቀይሮ መሙላት ነበረበት። የነበረውን በዓይኑ ብቻ ለካውና «ይበቃል» ብሎ በሩን ቆለፈ።

አልበቃም። በዓሉን ጨርሶ ሲመለስ የውሃ መያዣው ደርቆ፣ የካፒላሪዎቹ ጫፍ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ጋግሮ ጠበቀው። እንደ መሳደብ ቃጣውና ሰዳቢውም ተሰዳቢውም እሱ ራሱ መሆኑን ሲያስብ ተወው።

ደግሞ ለሌላ ጊዜ የማይተላለፍ ሥራ በዚያው ሳምንት መጣ። ከበርበራ ወደብ ጭኖ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ተገልብጦ በእሳት ጋየ። ሾፌሩ ፈይሳ የአምቦ ልጅ፣ ክርስቲያን ነው። ረዳቱ አሚር የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሙስሊም። አንዱ መሪው ላይ፣ ሌላው ከመቀመጫው ኋላ፣ ሁለቱም ፊታቸው እስከማይለይ ተቃጥለው ተገኙ፤ ቁመታቸውም ተቀራራቢ ነበር። የፈይሳ ታላቅ ወንድም አስከሬኑን አገሩ ሊወስድ መጥቷል። የአሚር እናት ኡምሰልማ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ልብስ የምትነግደው፣ ልጇን እዚሁ ሐርጌሳ ልትቀብር ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ከሁለቱም አስከሬን ናሙና ተወስዶ፣ ከኡምሰልማም አፍ በጥጥ ተጠርጎ ለኢዘዲን ተሰጠው። አፏን ስትከፍትለት እንደ ሕፃን ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ኢዘዲን ናሙናዎቹን አዘጋጅቶ ማሽኑ ላይ ጫነ። ስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ መስመር ብቻ ወጣ። ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር የሚጨመረው መለኪያ እንኳ አልታየም፤ እሱ ከጠፋ ጥፋቱ የናሙናው አይደለም፣ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። በፈር የሚሉትን ፈሳሽ ቀየረ። ፓምፑ ውስጥ አረፋ ካለ ኤሌክትሪኩ ይፈነጥራልና አረፋውን አባርሮ አስወጣ። እንደገና ሞከረ። ያው የተጋደመ መስመር። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ጫፎቹን ለብ ባለ የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርና በማግሥቱ በአዲስ ፖሊመር ገፍቶ ማጠብ። ብዙ ጊዜ የተወሰኑት ይከፈታሉ። ይህን ያውቃል።

ለቀብሩ የቆሙት ሽማግሌዎች የመጡት ይህኔ ነው። ከፊት ሙሐመድአወል ነበር፣ በዚያው በበርበራ መንገድ ላይ ያረጀ ሾፌር። ኡምሰልማ ተከትላቸው መጥታ ከበሩ ውጭ ቆመች።

«እህ፣ ኢዘዲን» አለ ሙሐመድአወል። «ጀናዛ ሳይቀበር ማቆየት እንዴት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ውጤቱ ዛሬ ይደርሳል?»

ማለት የነበረበትን ኢዘዲን ያውቅ ነበር። ውሃ ሳልሞላ ሄጄ ደርቆብኛል፣ እስከ ነገ ታገሱኝ። ይኸው ነው፤ ሕፃን እንኳ ይለዋል። ግን በሩ ላይ እናትየዋ ቆማለች፣ ከኋላው ዲሪር ያዳምጣል፣ እሱ ደግሞ ማሽን አይነካብኝ ባዩ ኢዘዲን ነው።

«ጋሽ ሙሐመድአወል፣ ካፒላሪው ተበላሽቷል» አለ። «አዲስ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል።»

ውሸት አልነበረም። አዲሱ በእርግጥ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በእርግጥም ያን ያህል ይፈጃል። እንዲህ ያለውን እውነት የሚናገር ሰው ከውሸታም ይብሳል፤ ውሸታም ቢያንስ ሲነቁበት ያፍራል።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ተመካከሩ። ወር ማንም አይጠብቅም። በመጨረሻ ሙሐመድአወል «መሪው ላይ የተገኘው ሾፌሩ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?» አለ። ሁሉም ተስማሙ። ያን ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ አንደኛው «አሚር» ተብሎ ተሰገደበትና ተቀበረ። ሌላውን የፈይሳ ወንድም ጭኖ በወጃሌ በኩል አገሩ ገባ።

ኢዘዲን ሶላቱን ቆሞ ሰገደ፣ አፈርም አለበሰ። ተመልሶም ካፒላሪዎቹን ዘፈዘፈ።

በማግሥቱ ተከፈቱ። ሁሉም አይደሉም፣ የሚበቃውን ያህል። መለኪያው ጥርት ብሎ በተራ ወጣ፤ ቀጥሎም የሦስቱ ሰዎች ውጤት። የኡምሰልማ ልጅ መሪው ላይ የነበረው፣ አምቦ የሄደው ነው። ኢዘዲን ምነው በተሳሳትኩ ብሎ ተመኘ። በሌላ ካፒላሪ ደገመው። ያው ነው። ማሽኑን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ባትሠራ ምን ነበረበት» አለው።

ስልክ ደውሎ ለሙሐመድአወል ነገረው።

«እኔም መሪውን እሰጥ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ሜዳው ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ይመጣል፤ መሪውን ለረዳት ሰጥተህ ጋደም ትላለህ። የማይሰጥ ሾፌር የለም። ረዳቱ መንጃ ፈቃድ ስለሌለው ነው አፍ አውጥተን የማንናገረው። ያን ዕለት ትዝ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ። በሰው ፊት ማን ይናገረዋል።»

አብረው ጋአን ሊባህ ሄዱ። ኡምሰልማ ለቅሶ ቤቱ ምንጣፍ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የተናገረው ሙሐመድአወል ነው፤ አስከሬኑ ስለ መለዋወጡ፣ ስለ ፈይሳ ወንድም፣ ስለ አምቦ፣ አስከሬን ስለ መመለስ። አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

«ያ ልጅ እናት አለችው?» አለች።

«አለችው።»

«ሱብሃነላህ። እሷ በልጄ ላይ፣ እኔ በልጇ ላይ ነዋ የምናለቅሰው።» በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ወደ ኢዘዲን ዞረች። «ዕቃው እንዴት ቶሎ መጣልህ፣ ልጄ? ወር ይፈጃል ብለህ አልነበር?»

ሙሐመድአወልም ዞሮ አየው፤ ለእሱም አልነገረውም ነበር።

«አልመጣም፣ እናቴ። ለኢድ ስሄድ ውሃ ሳልሞላ ሄጄ ነው የደረቀው። ዘፍዝፌ አሳደርኩት፣ ዳነ።»

«ስንት ሌሊት?»

«አንድ።»

«አንድ ሌሊት» አለች ቀስ ብላ። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ያን ዕለት በር ላይ እንደቆመችው ሆና አየችው። «አሚር መንገድ ከጀመረ ጀምሮ እኔ ከበርበራ እስኪመለስ ስጠብቀው ነው ያደርኩት። ጠብቂ ብትለኝ አንዲት ሌሊት ታቅተኝ ነበር?»