ወደ ታች የምትጠቁመው ጣት

አባቴ ሞተር ሳይክል የሚያዳምጠው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ከጋራዣችን በስተኋላ ካለው ባዶ ሜዳ ጫፍ ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ሽቦው አጥር አዙሮ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ነጂው ከወዲያኛው ጫፍ ይነሳና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥቶ በአጠገቡ ያልፋል። ከዚያ ከተጣመሩት እጆች መሀል አንዲት ጣት ትወጣለች። ወደ ላይ ከጠቆመች ሞተሩ ተርቧል ማለት ነው፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው፣ ቤንዚን የምታሳልፈው ጄት ቀዳዳዋ ሰፋ ባለች ትቀየራለች። ወደ ታች ከጠቆመች ጠግቧል፤ ጠበብ ባለች ትቀየራለች። ጣት ካልወጣች አለቀ፣ ሰውዬው ሞተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ።

«ለምን ዞር ብለህ አታየውም?» ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «ዓይን ያዘናጋል። ጭሱን ስታይ፣ አቧራውን ስታይ፣ ሞተሩን ሳትሰማው ያልፍሃል።» እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። «ጆሮ ጋ ወስደህ አሰማው» ይባላል፣ ልክ ሐኪም ዘንድ እንደሚባለው። እኔም ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ዋንጫ ወስጄ፣ አሁንም «የጆሮ ልጅ» ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር፤ እኔ ግን ስሰማው ደረቴ ይነፋል።

ያቺ ጄት ምን ያህል ጉድ እንደምትሠራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ የናስ ብሎን ናት፤ መሀሏ ላይ የስፌት መርፌ በግድ የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች። ሜዳ ላይ የምንነዳቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ደግሞ ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የላቸውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በዚያችው ቀዳዳ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቀዳዳዋ ስትጠብ ቤንዚኑም ዘይቱም ያንሳል። ክፋቱ፣ የተራበ ሞተር መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ይቀልላል፣ ይፈጥናል፣ ድምፁ ይሳላል። ነጂው «ዛሬስ ምን ነክቶታል!» እያለ ሲፈነድቅ ፒስተኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀጥ ይላል፣ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። ሞተሩ ይቆማል፤ ነጂው ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል።

እኔ ብቻዬን ጉዞዬን የቀጠልኩት ከአንድ ወር በፊት ነው። ያን ቀን አባዬ ጣቱን ወደ ታች ጠቁሞ ቀነሰልኝ፤ እንደገና ሳልፍ አሁንም ወደ ታች፣ አሁንም ቀነሰልኝ። ከዚያ ሜዳው መሀል ላይ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ልይዝ ጣቶቼን ስዘረጋ እኔ አየር ላይ ነበርኩ። ትከሻዬ ወለቀ።

ክንዴ በጨርቅ ታስሮ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ጋራዥ ገባሁ። አባዬ ሲሊንደሩን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። የፒስተኑ ጎን ድመት የቧጠጠችው ይመስላል።

«ዘይት አሳንሰሽ ነው የደባለቅሽው» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ደሜ ፈላ። የዚህን ቤት ዘይት የምለካው እኔ ነኝ፤ ያውም በስሪንጅ፣ እንደ ሕፃን መድኃኒት። «አላሳነስኩም አባዬ» አልኩት።

«እንግዲህ ሞተር አይዋሽም።»

ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ወድቆ ነበርና አንስቼ አየሁት። ጤነኛ ሞተር የካንዴላውን ጫፍ ቡናማ ያደርገዋል፤ የጠገበ ያጠቁረዋል። ይሄኛው እንደ ጠመኔ ነጭ ነው። ነጭ የሚያደርገው ረሃብ ብቻ ነው፣ ይህን ያስተማረኝም ራሱ አባዬ ነው። አፍንጫው ሥር ደግኜ «እየው!» ማለት ነበረብኝ፤ ግን ስናደድ ምላሴ ይተሳሰራል። ኪሴ ከተትኩትና ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ንግግራችን «ደህና አደርሽ»ና «ደህና እደር» ሆኖ ቀረ። ከትከሻዬ ይልቅ የምታመኝ ያቺ የዘይት ቃል ነበረች። ሰው ሁሉ ቢጠረጥረኝ ግድ የለኝም፤ አባቴ ግን ሲጠረጥረኝ አልቻልኩም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ስገባ የእማዬ ባለፉጨት ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ ሆኖ ጆሮ ይበሳል። አባዬ አጠገቡ ተቀምጧል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ጋዜጣ ያነባል። እማዬ ከጓሮ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ «አንተ ሰውዬ! ኧረ ማንቆርቆሪያው!» እያለች ትጮኻለች። እሱ ገጽ ገለጠ። በዚህ መሀል የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ከውጭ በር ላይ ሆኖ በዚያ የበርሜል ድምፁ «ጋሼ ጆሮ! አሉ?» አለ።

«አለሁ፣ ግባ ግባ!» ብሎ ብድግ አለ አባዬ።

እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገብታ ምድጃውን አጠፋችው። «እኔንማ መስማት ከተወ ቆየ» አለችኝ፤ «ትዳር ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አልሳቅኩም። እዚያው እንደቆምኩ ነገሩ አንድ በአንድ ገባኝ። አባዬ ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ጠፍቶበታል። የተራበ ሞተር ደግሞ የሚለየው በቀጭኑ ነው፣ ከላይ በምትጮኸው፣ ብርጭቆ በጣት ሲመታ እንደሚወጣው ባለች ድምፅ። እሷ ከሌለች የቀረው ሁሉ ድፍን ነው፤ ድፍን ሁሉ ለእሱ የጠገበ ነው። ጣቱ ወደ ታች ብቻ የምትጠቁመው ለዚህ ነው። አልዋሸኝም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፣ በቦታው ፍርሃት ተቀመጠ።

ምክንያቱም ዳቦ ጋጋሪው የመጣው ሊጠይቀን አልነበረም። እሑድ ውድድር አለው፤ ሞተሩን ሊያሰማ ነው የመጣው። ትልቅ ሆድ፣ ትልቅ ሳቅ፣ በየውድድሩ አጥር ላይ ተንጠልጥለው «አባባ! አባባ!» የሚሉ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ሜዳ ወጣን። አለፈ፤ ጣት ወደ ታች። አባዬ በካቻቢቴው ፈትቶ ቀነሰለት። አለፈ፤ ጣት አሁንም ወደ ታች። እንደገና ቀነሰለት። በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

«ቢላ ሆነ! ቢላ! እጅዎ ይባረክ ጋሼ!»

እኔ የሰማሁት ግን ያንኑ የብርጭቆ ጩኸት ነው። ልናገር አልኩና አፌን ያዝኩ። ዳቦ ጋጋሪው ደግ ሰው ነው፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ በጠዋት እሱ ጋ ነው የሚሰለፈው። «ጆሮ ደነቆረ» የምትለው ወሬ ከትኩስ ዳቦ ጋር ስትከፋፈል ታየኝ። ዝም ካልኩ ደግሞ ሰውዬው እሑድ ልጆቹ ፊት እንደ እኔ አየር ላይ ይበራል።

«ሰንሰለቱ ላልቷል» አልኩ። «ዛሬ እዚህ ይደር፣ ነገ ከሰዓት ውሰደው።»

«ተባረኪ የኔ እህት» ብሎ በእግሩ ሄደ። አባዬ ምንም ያልሆነውን ሰንሰለት አየው፣ እኔን አየኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ነጩን ካንዴላ ከኪሴ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ዘይት አልነበረም። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አትሰማም። የተራበ ሞተርም ሲጮህ አትሰማም።»

«ማንቆርቆሪያና ሞተር አንድ ነው እንዴ?»

«ለጆሮህ አንድ ነው።»

እንደዚያ ደፍሬው አላውቅም። ጄቶቹን የሚያስቀምጥባትን የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አንስቶ እጄ ላይ ጣላት። «የዳቦ ጋጋሪውን ሞተር አውጪ። የፈለግሽውን ክተችበት፣ አትንገሪኝ። ሰምቼ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ቀድሞኝ ወደ አጥሩ ሄደ።

መጀመሪያ ሆን ብዬ በጣም ሰፊዋን ከተትኩ። ሞተሩ እየሳለና እየተንተፋተፈ፣ ሜዳውን በጭስ እየሞላ በአጠገቡ አለፈ። ጣት ወደ ታች። ትክክል! እውነቱን ለመናገር መሳሳቴን ነበር የምመኘው፤ ዞሬ ይቅርታ ልጠይቀው እግሬ ተንቀሳቅሶ ነበር። ግን ገና አንድ ይቀራል። የትናንቷን ጠባብ መልሼ ከተትኩ፤ እጄን ከፍሪሲዮኑ ሳልለይ ነዳጁን ለአፍታ ብቻ ሰጠሁት። ጩኸቱ ጥርሴን አጠረሰው። ቀና ብዬ አየሁ፤ ጣት ወደ ታች።

ሞተሩን አጥፍቼ በእግሬ ወደ እሱ ሄድኩ። መዳፌን ዘርግቼ ሁለቱን ጄቶች አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ በላያቸው የተቀረጸውን ቁጥር አነበበ፤ አንዷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በቀዳዳዋ ሰማዩን አየ።

«የኋለኛዋ ይህቺ ናት?»

«አዎ።»

«የዳቦ ጋጋሪው?»

«አዎ አባዬ።»

«እሑድ በዚህች ሄዶ ቢሆን…» አልጨረሰውም። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ልብስ እያሰጣች ታንጎራጉራለች፤ እሷንም እንደማይሰማት አሰብኩ። ጄቷን መለሰልኝ። «አንዴ ድገሚው» አለኝ፣ ድምፁ ሰልሎ።

በራሴ ግምት መካከለኛዋን መርጬ ከተትኩና ወዲያኛው ጫፍ ደረስኩ። አባዬ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ አጥሩ፣ እጆቹን ወደ ኋላ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወደዚያ ጀርባ ነው የነዳሁት፤ የቱታውን እጥፋት ሁሉ አውቀዋለሁ። ነዳጅ ሰጠሁት። ሜዳውን አጋምሼ ሳልጨርስ ጀርባው ተንቀሳቀሰ። አባዬ ዞረ።

ፊቱን ከዚያ ቦታ አይቼው አላውቅም ነበር። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ እጆቹ ምን እንደሚሆኑ ጠፍቷቸው ከጎንና ከጎኑ ተንጠልጥለዋል። ሞተሩን አይደለም የሚያየው፤ እኔን ነው የሚያየኝ፣ ምን ልትለኝ ይሆን ብሎ። በአጠገቡ ሳልፍ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ። ደህና ነው፤ ግን ጫፉ ላይ ያቺ ቀጭን ጩኸት ገና አለቀቀችም። አልፌው ነዳጁን ቀነስኩ፤ ግራ እጄን አነሳሁና አንዲት ጣት ወደ ላይ ጠቆምኩለት።

እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ አጠገቡ ወዳስቀመጥኳት ቆርቆሮም ጎንበስ አለ።

ስደርስ ቀጣይዋን ሰፊ ጄት በመዳፉ ይዞ ጠበቀኝ። ሊሰጠኝ ሲል እጄን ያዝ አደረገና «ዘይትሽ ልክ ነበር» አለኝ።

አንድ ወር ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት፤ የሚያቆስል፣ የሚያቃጥል፣ ሁሉ ዓይነት ነበረኝ።

«አውቃለሁ» ብቻ አልኩት፤ ድምፄ ግን ቀጥኖ ወጣ። ግንባሩን አኮማትሮ ከንፈሬን ከንፈሬን አየ። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ድምፄን እንደ ዳቦ ጋጋሪው አወፍሬ ደገምኩለት።